ክብደት መቀነስና የቀነሱትን ይዞ መቆየት፦ የሐኪም ምክር ደረጃ በደረጃ

በሁለት ወር ሰባት ኪሎ ቀንሶ በዓመቱ ዘጠኝ ጨምሮ ሐኪም ዘንድ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ያደረገው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ እንጀራ ጭራሽ ተወ፣ እራት ዘለለ፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚና ዝንጅብል ጠጣ፣ ሚዛኑ ሲወርድለት ሁሉንም አቆመ። እዚህ የተቀመጠው መንገድ ቀስ ያለ ነው። ከቤቱ ገበታ አያስወጣም፣ ልዩ ሸመታም አይፈልግም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። በተለይ ደረጃ 3ን ዘሎ ወደ 4 የሄደ ሰው በኋላ ነገሩ ሲበላሽበት የት እንደተሳሳተ ማወቅ አይችልም።

ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ፣ የቲቢ መድኃኒት ላይ ካላችሁ ወይም የበላችሁትን ሆን ብሎ የማስመለስ ችግር ከነበረባችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችም ጡንቻ ቶሎ ስለሚከዳቸው አስቀድመው ሐኪም ያነጋግሩ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሳትሞክሩ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደታችሁ 5 በመቶ ያህል ከወረደ ደስ አይበላችሁ። ቲቢ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና ካንሰር እንደሌለ መታየት አለበት።

ሌሎቻችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. የደም ግፊት ተለኩ። በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ከታየ ክትትል ጀምሩ።
2. ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ የደም ስኳር ተለኩ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር በሽታ እየቀረባችሁ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር አለባችሁ ማለት ነው።
3. ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀት አብረው ካሉ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ።
4. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ፕረድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮዬትና በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪሙ ሌላ አማራጭ ሊያገኝ ይችላል። በራሳችሁ ግን አንዱንም አታቁሙ፤ ፕረድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ካላስተካከላችሁ ስኳራችሁ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና የዓይን መጭበርበር ሲመጣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ክብደታችሁ እየወረደ ሲሄድ ከመቀመጫ ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ መድኃኒቱ በዝቶባችሁ ይሆናልና ተመልሳችሁ ታዩ።

ደረጃ 2፦ በትክክል ለኩ

1. ሚዛን አንድ ብቻ ይሁን። ቤት ከሌለ ፋርማሲ ያለውን ወይም መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች የአንዱን ምረጡና ሁሌም እዚያው ተመዘኑ። ሁለት ሚዛን አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥም፤ ብዙ ሰው ቀነስኩ ብሎ የሚደሰተው ሚዛን ቀይሮ ነው።
2. ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። የቤት ሚዛን ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም፤ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይሁን።
3. ወገባችሁን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንቱን ጫፍ በጣታችሁ ፈልጉ፤ ሜትሩ በሁለቱ መካከል ይለፍ። ትንፋሻችሁን አስወጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ አንብቡ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ አለ።
4. ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር ያዙ። ቁመቱን በራሱ አባዙ፣ ክብደቱን ለውጤቱ አካፍሉ። 86 ኪሎና 1.65 ሜትር የሆነች ሴት 31.6 ታገኛለች። ከ25 በላይ ክብደት በዝቷል፣ ከ30 በላይ ውፍረት ነው።

አሁን ግብ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ግብ ከክብደታችሁ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፣ በስድስት ወር ውስጥ። ለዚህች ሴት ከ4 እስከ 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግፊትና ስኳር ላይ ለውጥ የሚታየው ግን እዚህ ላይ ነው፣ የሠርግ ቀሚስ ሲገባ አይደለም።

ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን። በየሳምንቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚወርድ ከሆነ ጡንቻ አብሮ ይሄዳል፣ የሐሞት ጠጠርም ሊፈጠር ይችላል። ያኔ ምግብ ጨምሩ። ሴቶች በቀን ከ1,200፣ ወንዶች ከ1,500 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አትውረዱ።

ደረጃ 3፦ ምንም ሳትቀይሩ አንድ ሳምንት ጻፉ

ደብተር ወይም ስልክ ያዙ፤ ወደ አፍ የሚገባውን ሁሉ በገባበት ሰዓት ጻፉ። ማታ አስታውሳችሁ አትጻፉ፤ ማታ የሚረሳው ዋናው ነገር ነው። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ 4 ሰዓት፣ ማኪያቶ በሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ቦንቦሊኖ፣ ቢሮ፣ አልራበኝም ነበር።»

ሦስት ነገሮች ይዘለላሉ፦ ወጥ ሲሠራ የሚቀመሰው፣ ልጆች ያስተረፉት፣ ቡና ሲፈላ የሚቆረጠመው። ሦስቱንም ጻፉ። በዚህ ሳምንት ጾም ወይም በዓል ካለ ሌላ ተራ ሳምንት ምረጡ።

በሰባተኛው ቀን ደብተሩን አንብቡና ሳትራቡ የበላችሁትን አስምሩበት። መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ዘይቱን ለኩ

ብዙ ቤት ውስጥ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰው ግን እንጀራ ላይ ይዘምትና ዘይቱን ይረሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የኑግ ይሁን የሱፍ፣ የወይራ ይሁን የሚረጋው፣ ሁሉም እኩል ነው። የተነጠረ ቅቤም እንደዚያው።

ስሌቱን ተመልከቱ። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ ወደ 345 ካሎሪ ነው። ወሩን በ3 ሊትር ከጨረሳችሁ ድርሻው 25 ሚሊ ሊትር፣ 207 ካሎሪ ያህል ይሆናል። አንድ ሰው ገበታው ላይ ምንም ሳይጎድል በቀን 138 ካሎሪ ቀነሰ ማለት ነው።

አሠራሩ፦

1. ባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አጥባችሁ አድርቁ። 700 ሚሊ ሊትር ላይ በማርከር አስምሩ። ይህ ለአራት ሰው የሳምንት ድርሻ ነው፤ ለሁለት ሰው 350 አድርጉ።
2. እሑድ ማታ ከጀሪካኑ እስከ ምልክቱ ቅዱ። ጀሪካኑን ከምድጃው አርቁ።
3. ዘይት በማንኪያ ብቻ ወደ ድስት ይግባ። ከጠርሙስ ቀጥታ አይፈስም።
4. እስከ ቅዳሜ ካልበቃ በሦስተኛው ቀን ስንት እንደቀረ እያያችሁ አስተካክሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማለቁ የተለመደ ነው፤ በ900 ጀምራችሁ በየሳምንቱ 50 ብትቀንሱም ይሆናል።

ዘይት ሲቀንስ ወጡ ጣዕም ያጣል የሚለው ቅሬታ እውነት የሚሆነው ቁሌቱ ሲቸኮል ነው። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ፤ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት አቁሉ። ድስቱን ሊይዘው ሲል አንድ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ አማስሉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ተኖ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ ቡናማ መልክም ይይዛል። ዘይቱ አሁን ይግባ፤ ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ጨምሩ፤ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 15 ደቂቃ አብስሉ።

የሚበላሸው የት ነው? በርበሬው ጥሬ ጥሬ ካለ ጊዜ አንሶታል፤ ዘይት ሳይሆን ሙቅ ውሃና አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። ካረረ ግን አይድንም፤ ከመምረሩ በፊት እሳቱ ይቀነስ። ሽሮ ከሆነ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ አይጓጉልም። ከድርሻችሁ አንዷን ማንኪያ አስቀርታችሁ ሊወርድ ሲል ላዩ ላይ ጣል አድርጉ፤ መዓዛው ሙሉ ይሆናል። ወጡ ከበሰለ በኋላ ዘይት ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ በጭልፋ ቅፈፉት።

ምግብ ቤት ስትበሉ ከወጡ ሥር ያለውን የራሰ እንጀራ ተዉት። ጣፋጭ ነው፤ ዘይቱን የጠጣው ግን እሱ ነው። ፍርፍር፣ ጨጨብሳና ፈጢራ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ቁርስ አይሁኑ። በቀሩት ቀናት ዘይት ያልበዛበት ቂንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዘይት ሳይፈስበት የቀረበ ፉል ይሁን።

ደረጃ 5፦ የሚጠጣውን አስተካክሉ

መጠጥ አያጠግብም፤ ስለዚህ ሲቀነስም አይታወቅም። ቀላሉ ደረጃ ይህ ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ይወስዳል፤ 190 ካሎሪ ያህል። በሳምንት አንድ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል፤ በአንድ ቀን ወደ ዜሮ የወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። 300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። እሱ ቀስ በቀስ አይቀነስም፣ ይቆማል፤ በቦታው አምቦ ውሃ ወይም ተራ ውሃ ይግባ።

ጁስ ቤት የሚሸጠው አቮካዶ ስኳርና ቪምቶ ሲገባበት መጠጥ መሆኑ ይቀርና ምሳ ይሆናል። ፍሬውን በማንኪያ ብሉት። ቢራ በጠርሙስ 140 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከቢራው ጋር የሚመጣው ጥብስና ቁርጥ ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። ጠጅም ጠላም ነፃ አይደሉም። መጠጥ የማትተዉ ከሆነ ቀኑንና ቁጥሩን ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የሚወሰን ውሳኔ አይጸናም።

ደረጃ 6፦ ገበታው ላይ

የጋራ ማዕድ ላይ ማን ስንት እንደበላ አይታይም። የሚከብደውም ይኸው ነው።

1. ለጊዜው የራሳችሁ ሳህን ይኑራችሁ። ካልሆነ ትሪው ላይ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ድርሻ በዓይናችሁ ከልሉ፤ ጥቅል እንጀራ ስንት እንደምትወስዱ እጅ ከመታጠባችሁ በፊት ወስኑ።
2. ግማሹ አትክልት ይሁን፦ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ። ሩቡ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ። ድንች ከእንጀራው ሩብ ይቆጠራል፣ ከአትክልቱ አይደለም።
3. ሙሉ እንጀራ ትበሉ ከነበረ ለሁለት ሳምንት ሦስት አራተኛ ብሉ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ውረዱ። ምጣድ ሁሉ እኩል ስላልሆነ መጠኑን በራሳችሁ ቤት እንጀራ ለኩ።
4. ፕሮቲን አታጉድሉ፤ ጡንቻ የሚያቆየውና ቶሎ እንዳይርባችሁ የሚያደርገው እሱ ነው። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.2 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ የኩላሊት በሽታ ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ቀጭን ሽሮ ብዙ ውሃ ነው፤ እሱን ብቻ የበላ ሰው 10 ሰዓት ላይ ቢርበው አይደንቅም።
5. በዝግታ ብሉ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ሳትቆዩ አትድገሙ።

ጉርሻና «በሞቴ»

አክስትህ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ስትል ካሎሪ ማስረዳት ጠብ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ተቀበሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት አንሡ፣ በዝግታ ብሉ፤ ባዶ ሳህን ይሞላል፣ ምግብ ያለበት አይሞላም። «እጅዎ ይባረክ» ብላችሁ ከሌላው ቀድማችሁ እጃችሁን ታጠቡ። የታጠበ እጅ ላይ ብዙ አይለመንም።

ከሦስተኛው ወር ጀምሮ «ምነው ከሳህ? ታመምክ እንዴ?» የሚለው ይመጣል። ወፍራም ሰው «ተስማምቶታል» በሚባልበት አገር ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ወደ ኋላ መልሷል። መልሱ አጭር ይሁን፦ «ሐኪም አዞኝ ነው፣ ደኅና ነኝ።»

ደረጃ 7፦ እንቅስቃሴ

የአንድ ሰዓት እርምጃ ለ70 ኪሎ ሰው 250 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ማለት ነው። ስለዚህ በእግር ብቻ ለመክሳት አትሞክሩ። እንቅስቃሴው ዋና ጥቅሙ የቀነሰው እንዳይመለስ ማድረጉ ላይ ነው፤ ለዚህም ቀድሞ መለመድ አለበት።

በቀን 10 ደቂቃ ጀምሩ። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ፣ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ እስክትደርሱ። ፍጥነቱ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን የማትችሉበት ይሁን። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድም ይቆጠራል።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ሥሩ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ መግፋት 10 ጊዜ፣ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሳት 10 ጊዜ፤ ሁሉንም ሁለት ዙር።

ጉልበት የሚያማችሁ ሜዳ ምረጡ፤ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ደረት ላይ መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ አቁሙና ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከባሕር ጠለል አካባቢ፣ ለምሳሌ ከዱባይ ወይም ከጂዳ፣ አዲስ አበባ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው ከፍታው ነው፤ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ደረጃ 8፦ ጾምና በዓል

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ወፍሮ ይወጣል። ሥጋና ቅቤ ሲወጣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳና ለውዝ ይገባል፤ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ደግሞ ርሃቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው። የሳምንቱን የዘይት ጠርሙስ በጾም አትተዉ። ስትፈቱ መጀመሪያ ውሃና አትክልት ወይም ሾርባ፣ ቀጥሎ ምስር ወይም ክክ፣ እንጀራው በመጨረሻ። ለውዝና ቆሎ ከከረጢቱ አይበሉም፤ አንድ እፍኝ ሳህን ላይ አውጡና ከረጢቱን ቋጥሩ።

በረመዳንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ሦስት ተምር፣ ውሃ፣ ሾርባ፤ ሳምቡሳ ከአንድ አይበልጥም፣ ስኳር የበዛበት ጁስ ይቅር። ስኳር ያለባችሁ በየትኛውም ሃይማኖት ብትጾሙ ከጾሙ ሳምንታት በፊት የመድኃኒት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

የፋሲካ ዕለት ብሉ። ጉዳት የሚያደርሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚሞቀው ድስት ነው። የተረፈውን በማግስቱ አካፍሉ ወይም በትንንሽ ዕቃ ፍሪዝ አድርጉ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወደ ደብተሩ ተመለሱ። በማግስቱ አትመዘኑ፤ ጨውና ምግቡ ውሃ ስለሚይዙ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከፍ ብሎ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ሚዛኑ ሲቆም

ከጥቂት ወራት በኋላ መቆሙ አይቀርም። አንድ ሳምንት ቆመ ማለት ምንም አይደለም፤ ለሴቶች የወር አበባ ሰሞን ብቻውን አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሦስት ሳምንት ከቆየና ወገብም ካልቀነሰ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

1. ለአንድ ሳምንት እንደገና ጻፉ። አብዛኛው መልስ እዚህ ይገኛል።
2. የዘይት ጠርሙሱ በየስንት ቀኑ እንደሚሞላ ተመልከቱ።
3. ቅዳሜና እሑድን ከሌሎቹ ቀናት ጋር አነጻጽሩ። አምስት ቀን የተቆጠበው በሁለት ቀን ይበላል።
4. እንቅልፍ ከ7 ሰዓት በታች ከሆነ እሱን አስተካክሉ፤ ያልተኛ ሰው ጣፋጭ ይፈልጋል።
5. ሁሉም ልክ ከሆነ ሰውነታችሁ አንሶ ነው፤ ያነሰ ሰውነት ያነሰ ያቃጥላል። 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው በቀን በግምት ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ያነሰ ይፈልጋል። እርምጃውን 15 ደቂቃ ጨምሩ ወይም ከእንጀራው አንድ ጥቅል ቀንሱ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አታድርጉ።

ስለ ሻይና መርፌ

«ቦርጭ አጥፊ» እየተባሉ የሚሸጡ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች አሉባቸው። የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው፤ ስቡ ባለበት አለ። ሲደጋገም የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ንጥረ ነገሩ ያልተጻፈበትን ማንኛውንም እንክብል አትውሰዱ።

በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በጥናት ላይ ለክብደት በሚሰጠው መጠን ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱ ሰዎች በአማካይ ወደ 15 በመቶ ቀንሰዋል። ያቆሙት ግን በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰዋል። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለበዓል ተብሎ ለሁለት ወር የሚጀመር አይደለም። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ይዞላችሁ ከመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ያልተከፈተው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ማን እንዳዘዘው፣ በየትኛው መጠን እንደሚጀመርና መንገድ ላይ እንዴት እንደቆየ ካልታወቀ አትወጉት።

ደረጃ 10፦ የቀነሱትን ማቆየት

ግብ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሰውነት የቀድሞውን ክብደት ይፈልጋል። ረሃብ የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ከዓመት በኋላም እንደጨመሩ ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት አይደለም፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋል።

1. ምግብ በአንድ ጊዜ አትመልሱ። በየሳምንቱ ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ብቻ ጨምሩ፣ ለምሳሌ አንድ እንቁላልና ግማሽ ሙዝ። ሚዛኑ ለሁለት ሳምንት ሳይወርድም ሳይወጣም ሲቆይ እዚያ ቁሙ። ዘይትና ለስላሳ አይመለሱም።
2. በሳምንት አንድ ቀን ተመዘኑ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሻላል፤ ሰኞ የእሑድን ግብዣ ያሳያል።
3. ቀይ መስመር ጻፉ፦ ከደረሳችሁበት ክብደት 2 ኪሎ በላይ። 74 ላይ ከቆማችሁ 76 ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከታለፈ በዚያው ቀን ለ14 ቀን ወደ ደረጃ 3፣ 4 እና 5 ተመለሱ። ሁለት ኪሎ በወር ይወርዳል፤ ስምንት ኪሎ ግን እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።
4. እርምጃውን ወደ 60 ደቂቃ ገደማ አሳድጉ፣ በአብዛኛው ቀን።

በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክብደት ቀንሰው ያቆዩ ሰዎችን የሚከታተል መዝገብ አለ፤ ለመግባት ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሶ አንድ ዓመት መቆየትን ይጠይቃል። የተመዘገቡት የቀነሱበት መንገድ ይለያያል። ያቆዩበት መንገድ ግን ይመሳሰላል፦ አብዛኞቹ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይመዘናሉ፣ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም።

መስመሩ የሚታለፍባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ፦ ሐዘን፣ ወሊድ፣ ሥራ መቀየር፣ ሕመም፣ ወደ ውጭ አገር መሄድና በእግር የሚኬደው በመኪና መተካት። በእነዚህ ጊዜያት ለመቀነስ አትታገሉ። ሚዛኑን፣ የዘይት ጠርሙሱንና እርምጃውን ብቻ ያዙ፤ ሌላው ይቆይ።

ሁሉም ከተመለሰ የመጀመሪያውን ደብተር አውጡና የት ላይ መጻፍ እንዳቆማችሁ እዩ። ከደረጃ 1 ጀምሩ፤ በመሃል አዲስ መድኃኒት ገብቶ ይሆናል፣ ግፊትና ስኳርም ተቀይሮ ይሆናል። በሁለተኛው ሙከራ ስድስት ወር በትክክል ሠርታችሁ 5 በመቶ ካልወረደ፣ ወይም በደረጃ 2 ከክብደትና ከቁመት ያሰላችሁት ቁጥር ከ35 በላይ ሆኖ ስኳር ወይም ግፊት አብሮ ካለ፣ በራስ መሞከሩን አቁማችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ስለ መድኃኒትና ስለ ቀዶ ሕክምና ተነጋገሩ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።